«ቶቶሮ» ወይስ «የአብሪ ጢንዚዛዎች መቃብር»? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እኔና የአክስቴ ልጅ በጃፓን አኒሜሽን ፊልሞች ምክንያት መከራከር ከጀመርን ወራት አልፈዋል። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው "ማይ ኔበር ቶቶሮ"ን ነው። እሱ ደግሞ የሚያዛኪ ትልቁ ሥራ "ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ" ነው፤ ሰውን የሚያስለቅስ ፊልም ምንም ከማይፈጠርበት ፊልም ጋር አይወዳደርም ይላል። አሁን ደግሞ ቶቶሮ የሞት መንፈስ እንደሆነ፣ ልጆቹም መጨረሻ ላይ ጥላ የሌላቸው ሞተው ስለሆነ እንደሆነ የሚገልጽ ቪዲዮ አሳየኝ። እሱ "ቶቶሮ"ን የሚያውቀው የፊልም ታሪክ በአማርኛ ባጭሩ ከሚተርክ ቻናል ነው። እኔ ደግሞ "ግሬቭ"ን ለማየት እስካሁን ልቤ እምቢ ብሎኛል። ከሁለታችን ትክክለኛው ማን ነው? የስምንት ዓመቷ እህቴስ የትኛውን ብታይ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከጥያቄው እንደምረዳው ክርክራችሁ ገና በሁለት ፊልሞች መካከል አልሆነም። የአክስትዎ ልጅ «ቶቶሮ» ሲተረክ ሰማ እንጂ ፊልሙን አላየውም፤ እርስዎም «ግሬቭ»ን አላዩትም። ስለዚህ ማን ትክክል እንደሆነ ከመናገሬ አስቀድሞ ክርክሩ የቆመባቸውን ነጥቦች መፈተሽ ግድ ይላል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ውኃ የማያነሱ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»፣ በአማርኛ «የአብሪ ጢንዚዛዎች መቃብር» ልንለው የምንችለው ፊልም፣ የ«ቶቶሮ» ዳይሬክተር የሃያኦ ሚያዛኪ ሥራ አይደለም። የፊልም ጽሑፉን የጻፈውም ያዘጋጀውም ኢሳኦ ታካሃታ ነው። ስሕተቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ተመልካች ሁለቱንም ፊልሞች የሠራውን የስቱዲዮ ጂብሊን ስም ሲሰማ የሚታየው ሚያዛኪ ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1960ዎቹ በቶኤይ ስቱዲዮ አብረው የሠሩ፣ በ1985ም ከፕሮዲዩሰሩ ቶሺዮ ሱዙኪ ጋር ስቱዲዮ ጂብሊን ያቋቋሙ የረጅም ዘመን ባልደረቦች ቢሆኑም፣ በሥራ ጠባያቸው እጅግ ይራራቃሉ። ሚያዛኪ ሠዓሊ ነው፤ የእያንዳንዱን ትዕይንት ንድፍ በራሱ እጅ ይሥላል፣ የሌሎች ሠዓሊዎችን ሥራ ሳይቀር እየተቀበለ ያርማል። ታካሃታ ግን በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ያጠና፣ ራሱ የማይሥል ዳይሬክተር ነበር። የሚያዛኪ ፊልሞች ከሩቅ የሚለዩት፣ የታካሃታዎቹ ግን አንዱ ከሌላው በመልክ የማይመሳሰሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ታካሃታ ለእያንዳንዱ ታሪክ የሚስማማውን እጅ ይፈልግለት ነበር። የአክስትዎ ልጅ «የሚያዛኪ ትልቁ ሥራ» ሲል የአንዱን ሰው ልፋት ለሌላው እየሰጠበት ነው።

ሁለቱን ፊልሞች ማነጻጸራችሁ ግን ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ሳታውቁት ልትመርጧቸው የሚገቡትን ሁለት ፊልሞች መርጣችኋል። ኤፕሪል 16 ቀን 1988 በጃፓን ሲኒማ ቤቶች የወጡት በአንድ ቀን፣ በአንድ ትኬት፣ ተከታትለው እንዲታዩ ሆነው ነው። ነገሩ የጥበብ ምርጫ ብቻ አልነበረም። ወደ ገጠር ቤት የገቡ ልጆችንና የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛን ጸጉራም ፍጡር የሚተርክ ፊልም ገበያ ያገኛል ብሎ ገንዘብ ለማውጣት የሚደፍር ስላልነበረ፣ ሐሳቡ በሥነ ጽሑፍ ዓለም ክብር ካለው ሌላ ታሪክ ጋር ተጣምሮ ቀረበ። የ«ቶቶሮ»ን ወጪ አሳታሚ ድርጅቱ ቶኩማ ሾተን፣ የ«ግሬቭ»ን ደግሞ ታሪኩ የተወሰደበት መጽሐፍ አሳታሚ ሺንቾሻ ሸፈኑ። በዚህም አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ሁለት ሙሉ ፊልሞችን በአንድ ጊዜ ለመሥራት ተገደደ። ዮሺፉሚ ኮንዶ የተባለውን ሠዓሊ ሁለቱም ዳይሬክተሮች ለየራሳቸው ፈልገውት ነበር፤ ለታካሃታ ደረሰ። የሁለቱም ፊልሞች ርዝመት ከታቀደው አለፈ፤ ሚያዛኪም በመጀመሪያ አንዲት ልጅ ብቻ አስቦ የነበረ ሲሆን ልጅቱን ለሁለት እህትማማቾች፣ ለሳትሱኪና ለሜይ፣ ከፈላት። የፊልሙን የማስታወቂያ ሥዕል ልብ ብለው ቢያዩት፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ከቶቶሮ አጠገብ የቆመችው ልጅ አንዲት ብቻ ናት፤ ሳትሱኪም ሜይም አይደለችም፣ የሁለቱ ድብልቅ ናት። ስማቸውም ይህንኑ ይናገራል፦ ሳትሱኪ በጥንቱ የጃፓን አቆጣጠር የአምስተኛው ወር ስም ነው፤ ሜይ ደግሞ የዚያው የአምስተኛው ወር የእንግሊዝኛ ስም።

ሁለቱ ፊልሞች ከአንድ ምጥ የተወለዱ መሆናቸው በታሪካቸውም ይታያል። በሁለቱም ሁለት ልጆች አሉ፤ በሁለቱም ታናሺቱ የአራት ዓመት ሕፃን ናት፤ በሁለቱም እናት ከቤት የለችም። በሁለቱም ታላቅ ታናሹን ያዝላል። ሳትሱኪ በዝናብ ውስጥ አውቶቡስ እየጠበቀች እንቅልፍ የጣላትን ሜይን ታዝላለች፤ በ«ግሬቭ» ደግሞ የአሥራ አራት ዓመቱ ሴይታ ከኮቤ ከተማ ሰማይ እሳት ሲዘንብ እህቱን ሴትሱኮን አዝሎ ይሮጣል። ፊልሞቹን ለተማሪዎች ሳሳይ እነዚህን ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ልጁን ማን እንዳዘለው ሳይሆን ያዘለውን ማን እንደሚደግፈው እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። በ«ቶቶሮ» መልሱ ብዙ ነው፦ አባት፣ ጎረቤት ያሉት አሮጊት፣ ጃንጥላውን ሰጥቶ በዝናብ የሚሮጠው የሰፈር ልጅ፣ ሜይ በጠፋች ጊዜ ኩሬ ውስጥ የሚፈልጓት የመንደሩ ሰዎች፣ በመጨረሻም የጫካው ፍጡር። በ«ግሬቭ» ማንም የለም። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል፤ ከዚህ ሳይነሣ የሚደረግ ንጽጽር አንዱ ያስለቅሳል፣ ሌላው ያስደስታል ከሚል አያልፍም።

ወደ ሞት መንፈሱ ወሬ ልምጣ። ወሬው የቆየ ነው፤ ፊልሙን በ1963 በሳያማ ከተማ ከተፈጸመ እውነተኛ የግድያ ወንጀል ጋር ያያይዘዋል፤ ለማስረጃነትም በመጨረሻዎቹ ትዕይንቶች የልጆቹ ጥላ አለመሣሉን ያቀርባል። ስቱዲዮው በ2007 በይፋ አስተባብሎታል፤ ጥላው የቀረው ለእነዚያ ሥዕሎች አያስፈልግም ተብሎ እንጂ ምሥጢር ለማስተላለፍ እንዳልሆነም ገልጿል። በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ይህ መልስ በቂ ነው፤ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ጥላ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ በእጅ የሚቀባ ተጨማሪ ሥራ ስለነበር፣ የት እንደሚቀባና የት እንደሚተው በየትዕይንቱ ይወሰናል። የስቱዲዮውን ቃል ባናምን እንኳ ፊልሙ ራሱ ይመልሳል። የባለሙያዎቹ ስም እያለፈ ሳለ ከጎን በሚታዩት ሥዕሎች እናታቸው ከሆስፒታል ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ከልጆቿ ጋር ትታጠባለች፤ ልጆቹም ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር ይጫወታሉ። ሙታን እንዲህ አይኖሩም። የእናትየዋ ሕመም ከየት እንደመጣ ለማወቅም የግድያ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ የሚያዛኪ እናት በአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ ለዓመታት ታመው የኖሩ ሴት ነበሩ።

የዚህ ወሬ ሥር የሰደደበት ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ሰዎች የመጨረሻውን የስም ዝርዝር አለማየታቸው ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙ ሲታይ ተገኝቼ ነበር፤ ስሞቹ መውጣት እንደጀመሩ አዘጋጆቹ መብራት አበሩ፣ ፊልሙንም አቋረጡት። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ልጅ ወደ እናቱ ዞሮ «ታዲያ እናታቸው ዳነች ወይስ ሞተች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቱም አላወቁም። ሁለት ደቂቃ ቢታገሱ መልሱን በዓይናቸው ያዩት ነበር።

«ምንም አይፈጠርበትም» የሚለው ክስ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመለከተዋለሁ። የአውቶቡስ ማቆሚያውን ትዕይንት የሚተርክ ቻናል እንዲህ ብሎ ያልፈዋል፦ ልጆቹ በዝናብ አባታቸውን ሲጠብቁ ቶቶሮ መጣ፣ ጃንጥላ ሰጡት፣ እሱም ስጦታ ሰጥቷቸው ሄደ። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ፊልሙ እዚያ ውስጥ የለም። ፊልሙ ያለው አውቶቡሱ መጥቶ አባት ሳይወርድ ሲቀር ሳትሱኪ ፊት ላይ በሚታየው ትንሽ ለውጥ ነው። ከዚያ ይመሻል፤ መብራቱ ይበራል፤ ሜይ ቆማ ታንቀላፋለች፤ ሳትሱኪ ጃንጥላውን በትከሻዋና በአንገቷ መካከል አጣብቃ እህቷን ታዝላለች። ልጅ አዝሎ ጃንጥላ የያዘ ሰው ያንን የአንገት አያያዝ ወዲያው ያውቀዋል። የእግር ዳና ይሰማል። ሳትሱኪ ከጃንጥላዋ ጠርዝ በታች አሻግራ የምታየው ሁለት ጸጉራም እግሮችን ብቻ ነው፤ ቀና ትላለች፣ ከዚያ የሚታየው አንዲት ቅጠል እንደ ባርኔጣ የደፋ ግዙፍ ፍጡር ነው። የአባቷን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ከዛፉ የሚወርድ ጠብታ ጃንጥላው ላይ ጠብ ሲል ፍጡሩ ይደነግጣል፤ ሁለተኛው ሲመታ ዓይኑ ይፈጣል፤ ደስ ይለዋል። ከዚያ ይዘላል፤ ሲያርፍም ምድሩ ተናውጦ በዛፎቹ ላይ ያረፈው ውኃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ቃል አይነገርም ማለት ይቻላል። ጃንጥላ የዝናብ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የሚደበደብ ከበሮ መሆኑን ከዚያ ፍጡር ጋር አብረን እናገኛለን፤ የሳትሱኪ ፍርሃትም ማንም ሳያባብላት ይጠፋል።

ጃፓኖች በሁለት ድርጊቶች መካከል የሚቀመጠውን እንዲህ ያለ ባዶ ጊዜ «ማ» ይሉታል። ሚያዛኪ ይህንን ለአሜሪካዊው ሃያሲ ለሮጀር ኢበርት ሲያስረዳ እጁን አጨብጭቦ፣ «ማ» የሚባለው በጭብጨባዎቹ መካከል ያለው ጊዜ እንደሆነ ነግሮታል። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ ያለውን ጊዜ ባዶ ነው የሚል የለም፤ የጨዋታው ዋና ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። የፊልም ታሪክ ባጭሩ የሚተርክ ሰው ግን ሥራው ሲኒውን መቁጠር ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አለቀ። የተራኪዎቹን ልፋት አልንቅም፤ ቋንቋው ለማይገባው ሰው ጥቅም አላቸው፤ በድርጊትና በሴራ ላይ የቆመ ፊልም በእነሱ በኩል ቢያንስ አጽሙ ይደርሳል። በጸጥታ ላይ የቆመ ፊልም ግን አጽም የለውም፤ ሲያሳጥሩት የሚቀር ነገር የለም። የአክስትዎ ልጅ «ምንም አይፈጠርበትም» ያለው ስለ ሰማው ነገር ከሆነ እውነቱን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እሱ ፊልም ልዙር፤ ምክንያቱም «ግሬቭ»ን የሚያመሰግንበት ምክንያት ፊልሙን ያሳንሰዋል። ማስለቀስ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚራብ ሕፃን ማሳየት በቂ ነው፣ የልመና ማስታወቂያም ያደርገዋል። ታካሃታ ያደረገው ከዚህ የተለየ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሴይታ በባቡር ጣቢያ ምሰሶ ተደግፎ እየሞተ ነው፤ ሴትሱኮም ቀድማ መሞቷን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እናውቃለን። ይህን የምነግርዎ ታሪኩን ላበላሽብዎ አይደለም፤ ዳይሬክተሩ ራሱ ሆን ብሎ መጨረሻውን ፊት ላይ አስቀምጦታል። ምን ይፈጠር ይሆን የሚለው ጉጉት ከእጃችን ሲወሰድ የሚቀረን እንዴት እዚያ እንደ ደረሱ፣ በየትኛው መንገድ ላይ መመለስ ይችሉ እንደነበር መመልከት ነው።

መመለሻም ነበረ። ብዙዎች ከፊልሙ በኋላ የማያስታውሱት አንድ ነገር አለ፦ ልጆቹ ገንዘብ ነበራቸው። እናታቸው በባንክ 7,000 የን አስቀምጣላቸዋለች፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። የጎደላቸው ሰው ነው። አስጠግታቸው የነበረችው ዘመድ ፊቷን ስታጠቁርባቸውና ስለ ምግብ ነገር ስትወረውርባቸው፣ ሴይታ እህቱን ይዞ ወጥቶ በውኃ ዳር ባለ ዋሻ ውስጥ ይኖራል። አንድ ገበሬ ወደ ዘመድህ ተመለስ፣ ይቅርታ ጠይቅ ሲለው አይመለስም። ለዚህ ስሜት የእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ቃል አለው፤ እልህ ነው። ታካሃታ ፊልሙ የፀረ ጦርነት ፊልም ነው መባሉን ደጋግሞ አልተቀበለም፤ ከኅብረተሰቡ ተነጥለው ለብቻቸው ለመኖር ሞክረው ያልሆነላቸው ወንድምና እህት ታሪክ እንደሆነ፣ ለዘመኑ ወጣቶችም እንደሠራው ተናግሯል። የመጨረሻው ምስልም በጦርነት የወደመች ከተማ ሳይሆን፣ የልጆቹ መናፍስት ከኮረብታ ላይ ሆነው የሚመለከቷት በፎቅ መብራት ያሸበረቀች የዛሬዋ ኮቤ ናት። ጦርነቱ ልጆቹን ለአደጋ አጋለጣቸው እንጂ የገደላቸው እሱ ብቻ አይደለም። ይህንን ሰው ሲሰማ ታካሃታ ጦርነትን አቃለለ ብሎ ይቆጣል፤ እሱ ግን በ1945 ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከኦካያማ የአየር ድብደባ የተረፈ ሰው ነበር፤ ስለሚናገረው ነገር ከማናችንም ይልቅ ያውቃል።

ታሪኩ የተወሰደው አኪዩኪ ኖሳካ በ1967 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። ኖሳካ ሕፃን እህቱን በ1945 በረኃብ ያጣ ሰው ነው። በመጽሐፉም በፊልሙም ወንድምየው ይሞታል፤ በእውነቱ ዓለም ግን ወንድምየው ተርፎ እስከ 2015 ኖሯል። ይህንን ካወቁ በኋላ ሴይታ ስለ ራሱ ሞት የሚናገርበትን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደ ቀድሞው መስማት አይቻልም።

ፊልሙን ሲያዩ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ ይከታተሉ። መጀመሪያ ከረሜላ አለባት። ከረሜላው ሲያልቅ ሴይታ ውኃ ጨምሮ ይንጣታል፤ ሴትሱኮም ያንን ውኃ እየጠጣች ጣዕሞቹን አንድ በአንድ ትጠራለች። ኋላ ደግሞ የሴትሱኮ አጥንት ይቀመጥባታል። ታካሃታ ስለዚህች ቆርቆሮ ማብራሪያ አይሰጥም። የሕፃኗን ድምፅ የሰጠችው ራሷ ሕፃን ስለነበረች፣ በጃፓን ከተለመደው አሠራር በተቃራኒ ድምፁ ቀድሞ ተቀርጾ ሥዕሉ ለድምፁ ተሠራለት፤ ትንፋሿ፣ መንተባተቧና ሳቋ ከአፏ እንቅስቃሴ ጋር እንደዚያ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። የገጸ ባሕርያቱ የዙሪያ መስመር ከተለመደው ጥቁር ይልቅ ቡናማ እንዲሆን የተደረገውም ሰዎቹ ከጀርባቸው ካለው ዓለም ጋር እንዲለዝቡ ነው። የአክስትዎ ልጅ ስለ ፊልሙ ሲከራከር ስለ ዕንባው ትቶ ስለ ቆርቆሮዋ ቢያወራ በጣም ከባድ ተከራካሪ ይሆንብዎታል።

ስለ ሽልማትና ስለ ገቢ በአጭሩ ልለፍ፤ በእንዲህ ያለ ክርክር መሀል አንዱ ወገን ማንሳቱ አይቀርምና። የሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» በ2002 የበርሊኑን ወርቃማ ድብ፣ በ2003 ደግሞ ኦስካርን ወስዷል፤ በ2020 የወጣው የ«ዲሞን ስሌየር» ፊልም በጃፓን ሲኒማ ገቢ በልጦታል፤ «ቶቶሮ» ግን ሲወጣ ሲኒማ ቤቱን እንኳ አልሞላም ነበር፣ ዝናው የመጣው በኋላ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ከዚህ ስለ ገበያ ብዙ መማር ይቻላል፤ ለእርስዎ ክርክር ግን የሚጠቅም ነገር የለውም።

እንግዲህ ማን ትክክል ነው? በመጀመሪያ ሁለት የተቀላቀሉ ነገሮችን መለየት ይኖርባችኋል። «እወደዋለሁ» የሚለው ምስክርነት ነው፤ ስለ ራስዎ የሚሰጡት ቃል ስለሆነ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም፣ እርስዎም ሊያስረዱበት አይገደዱም። «ይበልጣል» የሚለው ግን ክስ ነው፤ ማስረጃ ይጠይቃል። በድሮው በላ ልበልሃ ሙግት ባለጉዳዩ በቃሉ ብቻ አይረታም፣ እማኝ መቁጠር ነበረበት፤ በፊልም ክርክር እማኙ ትዕይንት ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ትዕይንት ምረጡ፤ በዚያ ትዕይንት ዳይሬክተሩ ምን እንዳሳየ፣ ምን እንደደበቀ፣ ምን ሊያደርግ ሲችል እንደተወ ተናገሩ። ለዚህ መልስ የሌለው ተከራካሪ ፊልሙን ሊወደው ይችላል፣ ሊያስበልጠው ግን አይችልም። ይህ መንገድ ወሰን እንዳለውም ልብ ይበሉ፦ ደካማውን ምክንያት ከጠንካራው ይለያል እንጂ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን በሚዛን አስቀምጦ ግራሙን አይነግራችሁም።

የእኔን ፍርድ ከጠየቁ ሳላመነታ ለ«ቶቶሮ» እፈርዳለሁ። ምክንያቴም ይህ ነው፦ ጠላት የለበት፣ ጦርነት የለበት፣ ክፉ ሰው የለበት፤ እንዲህ ሆኖ ሕፃንንም አዋቂንም ለ86 ደቂቃ ይዞ መቆየት በዚህ ሙያ ውስጥ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ሞት ራሱ ተመልካች ይይዛል፤ የጠብታ ድምፅ ግን የሚይዘው የተዋጣለት ሰው ሲያስቀምጠው ብቻ ነው። ይሁንና አብዝቼ የምወደው ፊልም ከሁለቱም አንዱ አይደለም። በ2013 የወጣው የታካሃታ የመጨረሻ ፊልም «የልዕልት ካጉያ ተረት» ነው፤ ልዕልቲቱ በቁጣ ከግብዣው ወጥታ ስትሮጥ ሥዕሉ ራሱ ተበጣጥሶ የከሰል ጭረት የሚሆንበት ትዕይንት አለ፣ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ከ«ቶቶሮ» ይበልጣል ብዬ ግን አልሟገትም። መውደድና ማስበለጥ በአንድ ሰው ውስጥ እንኳ ሁለት ናቸው።

ወደ እህትዎ ልለፍ። የስምንት ዓመት ልጅ «ቶቶሮ»ን ያለ ምንም ችግር ታያለች፤ ብቻዋን ግን አያስቀምጧት። ሁለት ቦታ ላይ ልትፈራ ትችላለች፦ ከሆስፒታል ቴሌግራም መጥቶ ሳትሱኪ የምታለቅስበት፣ እንዲሁም ሜይ ጠፍታ ኩሬ ውስጥ የአንዲት ልጅ ጫማ የሚገኝበት። ጫማው የሜይ አይደለም፤ ይህንን አስቀድመው ቢነግሯት ምንም አይጎድልባትም። በቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ የመጀመሪያውን ትዕይንት በተመለከተ ቀደም ብለው ያዋሯት። «ግሬቭ»ን ግን አሁን አታሳዩዋት። በሥዕል ስለተሠራ ለልጆች ነው የሚለው ግምት በዚህ ፊልም ላይ አደገኛ ነው፤ የተቃጠለች እናት ገላ በግልጽ ይታያል። ቢያንስ ሴይታ ያለበት ዕድሜ ላይ እስክትደርስ፣ ማለትም አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት፣ ይቆይ። ጦርነትንና መፈናቀልን በቅርቡ ላየ ሰው፣ ዕድሜው የቱንም ያህል ይሁን፣ ይህንን ፊልም ግብዣ ብዬ አልሰጠውም፤ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው የሚሰጠው። እርስዎም ልብዎ እምቢ ካለ ፊልሙን የመሸሽ መብት አለዎት፤ ያኔ ግን «ቶቶሮ ይበልጣል» ማለትዎን ትተው «እወደዋለሁ» ላይ መቆም ይኖርብዎታል።

ለማየት ከወሰኑ፣ በ1988 የጃፓን ተመልካች እንዳደረገው ሁለቱን በአንድ ምሽት አታከታትሏቸው። የአክስትዎ ልጅ «ቶቶሮ»ን በሙሉ፣ የስም ዝርዝሩ እስኪያበቃ ድረስ ይይ፤ እርስዎም ከሳምንት በኋላ «ግሬቭ»ን በቀን፣ ከሰው ጋር ሆነው ይዩ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥል። የጂብሊ ፊልሞች ከ2020 ጀምሮ በኔትፍሊክስ ላይ ከጃፓን፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ላሉ አገሮች ተከፍተዋል፤ «ግሬቭ» መብቱ የሌላ ድርጅት በመሆኑ ዘግይቶ በሴፕቴምበር 2024 ነው የገባው። ሁለቱንም በጃፓንኛ ድምፅና በጽሑፍ ትርጉም እንድታዩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለ«ግሬቭ» ምክንያቱን ከላይ ገልጫለሁ። ቴሌቪዥናችሁ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ማስተካከያ ካለው አጥፉት፤ ሠዓሊዎቹ አንድን ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ያቆዩት በስሌት ስለሆነ፣ ማሽኑ በመካከሉ የራሱን ሥዕል ሲጨምር የእጃቸውን ምት ያበላሸዋል።

እህትዎ ጽሑፉን እያነበበች መከተል ስለማትችል አጠገቧ ተቀምጠው በአማርኛ ይንገሯት። የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ ግን ዝም ይበሉ፤ ለምን ዝም እንዳሉ ብትጠይቅዎትም ጠብታውን እንድታዳምጥ በጣትዎ ወደ ጃንጥላው ብቻ ያሳዩዋት።